የባስ ዓሣ ማጥመጃ ዕቃዎች ስያሜ፤ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሒስ

ዓሣን በመንጠቆ መያዝ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሥራ አይደለም። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ ወይም በጫሞ ሐይቅ ዳር ለኖረ ሰው መንጠቆ፣ መረብ፣ ክርና ሸምበቆ የዘወትር ቃላት ናቸው፤ ከሐይቁ የሚወጣውንም ዓሣ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ እያለ በየስሙ ለይቶ ይጠራዋል። እንግዳ የሚሆነው አንድ ሰው ለአንድ የዓሣ ዓይነትና ለአንድ ዓይነት ውኃ የሚስማማውን ዕቃ፣ በሱቅ ከተደረደረው ብዙ ዕቃ መካከል መርጦ የሚገዛበት ሥራ ነው። ይህ ሥራ በሰሜን አሜሪካ ባስ በተባለው ዓሣ ዙሪያ ከመቶ ዓመት በላይ ሲደረጅ ኖሮ ሰፊ ንግድና ሰፊ የሙያ ቋንቋ አስገኝቷል። ሐኪሙ ጄምስ ሄንሻል ስለዚሁ ዓሣ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1881 ሲታተም፣ ከዓሣው ጠባይ ሌላ የማጥመጃውን ዕቃ በዝርዝር የሚገልጽ ክፍል ነበረው።

ይህ ጉዳይ በአማርኛ የሙያ ቃላት ጥናት ውስጥ ለምን ይነሣል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ይኖራል፤ በከተማዋ ጥግ የሚያልፈው የፖቶማክ ወንዝም በባስ ከታወቁት ውኃዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በከተማዋ የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ጽሑፎቻቸውን እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች እንዲያስተረጉሙ ካስገደደ ወዲህ አማርኛ ከትርጉም ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ተርጓሚዎቻችን ከጤናና ከትምህርት ጽሑፍ አልፈው ወደ መናፈሻ፣ ወደ ወንዝና ወደ መዝናኛ ጽሑፍ መድረሳቸው የማይቀር ነው።

በቅርቡ አንድ ተርጓሚ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የባስ ማጥመጃ ዕቃ መምረጫ ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሰው፣ ረቂቁን አስተያየት እንድሰጥበት ልከውልኝ ነበር። ሥራውን የጀመሩበትን ምክንያት በደብዳቤያቸው እንደሚከተለው ገልጸዋል። በዕቃው ሱቅ ውስጥ አባቶች ልጆቻቸውን አስተርጓሚ አድርገው ሲገበያዩ አይተዋል፤ ልጁ የእንግሊዝኛውን ቃል ያነባል፣ አማርኛውን ግን አያውቅም፤ አባቱ ዓሣ ማጥመድን ያውቃል፣ የዕቃውን ጽሑፍ ግን አያነብም። በመጨረሻ ልጁ «ይኼ ጥሩ ነው ይላል» ይላል፤ አባቱም ገንዘቡን ከፍሎ ይወጣል። ተርጓሚው የፈለጉት ይህን የተቋረጠ ንግግር ለመቀጠል ነው። ዓላማው የሚያስመሰግን ነው፤ ረቂቁም በሰዋስው የጠራ፣ በፊደል አጣጣል የታረመ ነው። ሆኖም በዚህ ረቂቅ ተመርቶ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው የሚያስፈልገውን ዕቃ መርጦ ሊገዛ አይችልም። ጉድለቱ የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ልማድ ስለሆነ፣ በፈቃዳቸው ስማቸውን ትቼ ስልቱን ብቻ እተቻለሁ።

1. የመምረጫ ጽሑፍ ጠባይ

አንድን ነገር በሚገልጽ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ቃል ቢበላሽ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። የመምረጫ ጽሑፍ ግን ከዚህ ይለያል። የባስ ማጥመጃ ዕቃ በአራት ነገሮች ይጠቃለላል፤ እነርሱም ዘንጉ፣ ክሩ የሚጠመጠምበት መሣሪያ፣ ክሩና በክሩ ጫፍ የሚታሰረው ማማለያ ናቸው። እነዚህ አራቱ በየራሳቸው ጥሩና መጥፎ አይባሉም፤ ጥሩነታቸው በመመጣጠናቸው ነው። ቀላል ማማለያ በግትር ዘንግ አይወረወርም፤ ወፍራም ክር ለቀጭን ክር በተሠራ መሣሪያ ላይ በደንብ አይጠመጠምም፤ ጠንካራ ዘንግ ከደካማ ክር ጋር ቢጣመር ክሩ ይበጠሳል። እንግሊዝኛውም የሚያወዳድረው አንዱን ዕቃ ከሌላው ጋር ነው።

ስለዚህ የስያሜው ሥራም እንደ ዕቃው መመጣጠንን ይጠይቃል። አንድ ቃል ለብቻው ሲታይ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤቱ ከሆነው ቃል ጋር ሲቀመጥ ግን ልዩነቱን ካጠፋ አልረባም። የረቂቁ መሠረታዊ ስሕተት ቃላቱን አንድ በአንድ ከመዝገበ ቃላት እያወጣ መተካቱ ነው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንደሚባለው፣ ከመዝገበ ቃላቱ የወጣው የመጀመሪያው ፍች ብዙ ጊዜ የተፈለገው ሆኖ አልተገኘም።

2. የዓሣው ስም

ረቂቁ ዓሣውን «ባስ» ብሎ በውሰት መተዉ ተገቢ ነው። በእኛ ውኃ የሌለን ዓሣ በአገራችን ዓሣ ስም መጥራት አሳሳች ነው። ነገር ግን «ባስ» ብቻውን ሲቆም ባሰ ከሚለው ግሥ ጋር በጆሮ ይጋጫልና፣ ቢያንስ መጀመሪያ በሚጠቀስበት ቦታ «ባስ ዓሣ» መባል ይኖርበታል። እንግሊዝኛውም ቢሆን በዚህ ስም የተለያየ ዘር ያላቸውን የባሕርና የወንዝ ዓሦች ይጠራል፤ የእኛ ጉዳይ የሆነው ባስ ሴንትራርኪዴ ከተባለው የጣፋጭ ውኃ ዓሦች ቤተሰብ ነው።

የዚህ ዓሣ ዋና ዋና ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ረቂቁ እነዚህን «ትልቅ አፍ ባስ» እና «ትንሽ አፍ ባስ» ብሏቸዋል። አማርኛ ግን ለዚህ ዓይነቱ መግለጫ የቆየ የራሱ አሠራር አለው፤ ልበ ሰፊ፣ እግረ ቀጭን፣ አፈ ጮሌ እንላለን። በዚሁ መንገድ «አፈ ሰፊ ባስ» እና «አፈ ጠባብ ባስ» ቢባሉ ለጆሮም ለትርጉምም ይስማማሉ። መለያውም ስሙ እንደሚለው አፉ ነው፤ የአፈ ሰፊው ላይኛ መንጋጋ ከዓይኑ ኋላ ያልፋል፣ የአፈ ጠባቡ ግን አያልፍም።

የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለሳይንሳዊው ስም ከፍ ያለ እምነት እንሰጣለን። ሆኖም የዚህን ዓሣ ወገን ላሴፔድ የተባሉት ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1802 ሚክሮፕተረስ፣ ማለት «ባለ ትንሽ ክንፍ» ብለው የሰየሙት፣ ያዩት ናሙና የጀርባ ክንፉ የተጎዳ ስለነበረና ተገንጥሎ የቀረው ቁራጭ ራሱን የቻለ ክንፍ ስለመሰላቸው ነው። የአፈ ሰፊው ባስ ዝርያ ስምም እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ምክንያት ከሳልሞይደስ ወደ ኒግሪካንስ ተለውጧል፤ የቀድሞው ስም በፍሎሪዳ ለሚገኘው ባስ ተሰጥቷል። ስለዚህ በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ፍቺው በሳይንሳዊ ስም ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ ዓሣው የሚታወቅበት ምልክት አብሮ ይጻፍ።

ውሰትን ለሚፈሩ አንባብያን አንድ ነገር ላስታውስ። የፖቶማክ አፈ ጠባብ ባስ ራሱ ከሌላ ውኃ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1854 በባቡር የውኃ ቋት ተጭኖ ከምዕራብ መጥቶ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ከተለቀቀ በኋላ በወንዙ ተራብቷል። ቃልም እንዲሁ ነው፤ የሚስማማው ቦታ ካገኘ ይኖራል።

3. ዘንግ

ረቂቁ «በትር» ይላል። በትር የእረኛና የሥልጣን ምልክት ነው፤ ለመምታትና ለመደገፍ እንጂ ለመጉበጥ አልተሠራም። «ዘንግ» ግን ቀጠን ያለ፣ ረጅምና ቀጥ ያለ ነገር መሆኑን ብቻ ስለሚያመለክት፣ «የማጥመጃ ዘንግ» የተሻለ ነው።

ዋናው ችግር ግን ያለው በዘንጉ መመዘኛዎች ላይ ነው። በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ሁለት መለኪያዎች ይጻፋሉ። አንደኛው እንግሊዝኛው ፓወር የሚለው ነው፤ ዘንጉ ላለመጉበጥ የሚያሳየውን እምቢታ ይለካል። ሁለተኛው አክሽን የተባለው ነው፤ ዘንጉ ሲጎትቱት ከየት ቦታ እንደሚጎብጥ ያሳያል። ረቂቁ የመጀመሪያውን «ኃይል»፣ ሁለተኛውን «ድርጊት» አለ። በዚህም የተነሣ «መካከለኛ ከባድ ኃይልና ፈጣን ድርጊት ያለው በትር» የሚል ሐረግ ተጽፏል። ይህን ያነበበ አባት ክብደት ያለው በትር ይፈልጋል፤ በእጁ እየመዘነ ከባዱን ያነሣል። እንግሊዝኛው ግን ስለ ክብደት አልተናገረም፤ ሄቪ የተባለ የካርቦን ዘንግ በሚዛን ላይ ላይት ከተባለ የመስተዋት ጭረት ዘንግ ሊቀልል ይችላል። ፈጣን የተባለውም ዘንግ የሚሮጥ አይደለም።

የምመክረው ፓወርን «ግትርነት»፣ አክሽንን «አጎባበጥ» ማለት ነው። የግትርነቱ ደረጃ «እጅግ ተለማጭ፣ ተለማጭ፣ ወደ ተለማጭ ያደላ፣ መካከለኛ፣ ወደ ግትር ያደላ፣ ግትር» ተብሎ ሊዘረዘር ይችላል። አጎባበጡም «ከጫፍ የሚጎብጥ፣ ከወገብ የሚጎብጥ፣ ከእጀታ የሚጎብጥ» ይባል። ይህን ዓይነት አነጋገር የሰማ ሰው ዘንጉን በሱቅ ውስጥ ይዞ ጫፉን ወደ ጣሪያው ደገፍ በማድረግ ራሱ ሊመረምረው ይችላል።

ልዩነቱም ከንቱ አይደለም። አንድ መንጠቆ ብቻ ላለው ማማለያ፣ ለምሳሌ ለፕላስቲክ ትል፣ ከጫፍ የሚጎብጥ ዘንግ ይመረጣል፤ አጥማጁ ሲነጥቅ ኃይሉ ቶሎ ወደ መንጠቆው ይደርሳልና። ባለ ሦስት ጣት ትንንሽ መንጠቆ ለተንጠለጠለበትና እየተሳበ ለሚዋኝ ማማለያ ግን ከወገብ የሚጎብጥ ዘንግ ይሻላል፤ ዘንጉ ስለሚለመጥ መንጠቆው የዓሣውን አፍ ቀድዶ አይወጣም። «ፈጣን ድርጊት» ከሚለው ሐረግ ይህን ምክንያት ማንም ሊያገኘው አይችልም።

4. ማጠንጠኛ

ክሩ የሚጠመጠምበትን መሣሪያ ረቂቁ «ሪል» ብሎ ትቶታል። ውሰቱ ነውር የለበትም፤ ግን አማርኛ የተሻለ ቃል አለው። የእንግሊዝኛው ቃል ዱሮ ድርና ማግ የሚጠመጠምበት የፈታዮች መሣሪያ ስም ነበር፤ አጥማጆቹ ከፈታዮች ተዋሱት። እኛም ፈትልን ማጠንጠን እንላለንና ከዚሁ ቤት «ማጠንጠኛ» ብንል የእንግሊዝኛውን መንገድ ሳንቀዳ እንገናኘዋለን። ክሩ የሚያርፍበት ክፍልም በሸማኔው ዘንድ ማግ የሚጠመጠምበት «ቀሰም» ስለሆነ፣ ይህን ስም መውሰድ ይቻላል።

ይሁን እንጂ የሸማኔውን ቤት ስንከፍት መጠንቀቅ አለብን። ረቂቁ ስፒኒንግ የተባለውን ዓይነት «ፈታይ ሪል»፣ ቤይትካስቲንግ የተባለውን «የማባበያ መወርወሪያ» ብሏል። የመጀመሪያው የተሳሳተ ነው፤ መሣሪያው ምንም አይፈትልም። ሁለተኛው ደግሞ መወርወሪያ በሸማኔ ቋንቋ ማጉን ይዞ ወዲህና ወዲያ የሚመላለሰው ዕቃ ስም መሆኑን ዘንግቷል፤ ማጠንጠኛና ቀሰም ካልን በኋላ መወርወሪያን ብንጨምር አንባቢው ሽመና እየተማረ ይመስለዋል።

ሁለቱን ለመለየት አሠራራቸውን ማየት ይበቃል። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ካገኙበት መሣሪያ በወረደው ዓይነት፣ ማማለያው ሲወረወር ቀሰሙ አይዞርም፤ ክሩ ከቀሰሙ ራስ እየተተረተረ ይወጣል። ይህ «ባለ ቋሚ ቀሰም ማጠንጠኛ» ይባል። በሌላው ዓይነት ግን ክሩ የሚወጣው ቀሰሙ ራሱ በፍጥነት እየዞረ ነው፤ ይህም «ባለ ዟሪ ቀሰም ማጠንጠኛ» ይባል። ከስሙ ብቻ ምርጫው ይከተላል። ባለ ቋሚ ቀሰሙ ለቀላል ማማለያና ለቀጭን ክር፣ ለጀማሪም እጅ ይስማማል። ባለ ዟሪ ቀሰሙ ለከባድ ማማለያና ለወፍራም ክር ይመረጣል፤ ነገር ግን ማማለያው ፍጥነቱን ሲቀንስ ቀሰሙ መዞሩን ካላቆመ ክሩ ይትረፈረፍና ይተበተባል። እንግሊዝኛው ይህን ትብታብ በወፍ ጎጆ ስለሚመስለው ረቂቁ «የወፍ ጎጆ ይፈጠራል» ብሎ ጽፏል። ከፈትል ጋር የኖረው አማርኛ «ውሉ የጠፋ ልቃቂት» የሚል አነጋገር እያለው ወፍ መጥራት አያስፈልገውም ነበር።

ስለ ማርሹ የተጻፈው ግን መልካም ነው። 6.4 ለ 1 የሚል ጽሑፍ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ቀሰሙ 6.4 ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳይ መሆኑን ረቂቁ በትክክል አስረድቷል፤ «ማርሽ» የሚለውንም የለመድነውን ቃል ተጠቅሟል።

5. ልጓምና ፍሬን

እዚህ ላይ ራሴን መውቀስ አለብኝ። ድራግ የተባለውን ክፍል ረቂቁ «ጎታች» ይለዋል። ይህ የነገሩን ተቃራኒ የሚያስተምር ስያሜ ነው። ድራግ ዓሣው ከተወሰነ ልክ በላይ ሲጎትት ቀሰሙ ተንሸራትቶ ክር እንዲለቅ የሚያደርግ፣ በሰበቃ የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ሥራው መጎተት ሳይሆን በልክ መልቀቅ ነው። ለተርጓሚው በጻፍኩት የመጀመሪያ መልስ «ፍሬን» ይበሉት ብዬ ነበር፤ ፍሬን ይጠብቃል፣ ይላላልና።

ተርጓሚው በትሕትና መለሱልኝ። ባለ ዟሪ ቀሰሙ ማጠንጠኛ ሌላም መቆጣጠሪያ አለው፤ በውርወራ ጊዜ ቀሰሙ ከልክ በላይ እንዳይዞር በማግኔት ወይም በሽክርክሪት ኃይል የሚያዘገየው ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛው ብሬክ የሚለውም ይህንኑ ነው። እንግዲያው ፍሬን ለድራግ ከተሰጠ ለዚህ ምን ይቀራል? እኔም ከላይ የወቀስኩትን ስሕተት ራሴ መሥራቴን፣ አንዱን ቃል ጎረቤቱን ሳላይ መርጬ መስጠቴን ተረዳሁ። ስለዚህ ፍሬን ለብሬክ ይቅርና ድራግ «ልጓም» ይባል። የሚሮጥ ፈረስ በልጓም እንደሚገታና እንደሚለቀቅ፣ የሚሮጥም ዓሣ እንዲሁ ነው፤ ልጓም ማጥበቅና ልጓም ማላላት የሚሉት አነጋገሮችም ተሰናድተው ይገኛሉ። ፍሬን የሚሠራው ሲወረወር ነው፤ ልጓም የሚሠራው ዓሣው ሲሮጥ ነው። ሁለቱን የለየ ገዢ ግማሹን ትምህርት ጨረሰ ማለት ነው።

6. ክር

ረቂቁ ላይን የሚለውን ቃል በአብዛኛው «መስመር» እያለ ተርጉሞታል። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን ሲመጣ መነሻው የተልባ ክር ነበር፤ መስመር የሚለው ትርጉም ከዚያ ወዲህ የተገኘ ነው። የአማርኛው አጥማጅም ቢሆን መስመር አይጥልም፤ ክር ነው የሚጥለው።

በክሩ ላይ «15 ፓውንድ ቴስት» ተብሎ ሲጻፍ ረቂቁ «15 ፓውንድ ፈተና» ይላል። ይህ መለኪያ ክሩ የሚበጠስበትን ጉተታ የሚገልጽ ስለሆነ «የመበጠሻ ልክ» ይባል። ፓውንድም ለብዙ አንባቢ የገንዘብ ስም ነውና ኪሎ ግራሙ አብሮ ይጻፍ፤ 15 ፓውንድ 6.8 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በማማለያ ላይ የሚጻፈውን አውንስም «ወቄት» ብሎ መመለስ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ወቄት የወርቅ ሚዛን ሆኖ ስለኖረ በግራም መተካቱ ይሻላል፤ አንድ አውንስ 28 ግራም ያህል ነው።

የክሩ ዓይነት ሦስት ነው። ናይለን፣ ፍሉሮካርቦንና ከፖሊኢቲሊን ጭረት የተጎነጎነው ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የቁስ ስም ስለሆኑ እንዳሉ ይቀመጡ፤ ሦስተኛው «ጉንጉን ክር» ይባል። ፍሉሮካርቦን ከውኃ በጣም ስለሚከብድ ይሰጥማል፣ ጉንጉኑ ከውኃ ስለሚቀልል ይንሳፈፋል፣ ናይለኑ በመካከላቸው ነው። ጉንጉን ክር አይሳብም ለማለት ይቻላል፤ ናይለን ግን ይሳባል። እነዚህ «መስጠም፣ መንሳፈፍ፣ መሳብ» የሚሉት ቃላት ሁሉ በአማርኛ ያሉ ናቸው፤ ረቂቁም እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

የከፋው ስሕተት ያለው ሊደርና ጋይድ በተባሉት ላይ ነው። ሊደር በዋናው ክር ጫፍ ላይ ተቀጥሎ ማማለያው የሚታሰርበት አጭር ክር ነው። ጋይድ በዘንጉ ላይ ተደርድረው ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ናቸው። መዝገበ ቃላት ሁለቱንም «መሪ» ስለሚል፣ ረቂቁ «ክሩን በመሪዎቹ ውስጥ ያሳልፉና ከመሪው ጋር ይሰሩት» ብሎ ያዝዛል። ይህን ትእዛዝ የሚፈጽም ሰው አይገኝም። ጋይድ «ቀለበት» ይባል፤ ሊደርም ለሰዋስው ሰዎች እንግዳ ባልሆነው ቃል «ቅጥያ ክር» ይባል።

7. መንጠቆና ማማለያ

ለመንጠቆ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም «መቃጥን» የሚል ክቡር ቃል አለ፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ጴጥሮስ ወደ ባሕር እንዲጥል የታዘዘው መቃጥን ነው። ረቂቁ ግን መንጠቆን መምረጡ ትክክል ነው፤ በሐይቅ ዳር የሚሰማው እርሱ ነውና። የቁጥሩ ነገር ግን መታረም አለበት። የመንጠቆ ቁጥር ሁለት መንገድ አለው። በተራው ቁጥር ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ ቁጥር 6 ከቁጥር 2 ያነሰ ነው። ከቁጥር 1 የሚበልጡት ግን 1/0፣ 2/0፣ 4/0 እየተባሉ ቁጥሩ ሲጨምር ያድጋሉ። ረቂቁ 4/0ን በፊደል «አራት በዜሮ» ብሎ እንደ ክፍልፋይ ጽፎታል፤ በሒሳብ ትርጉም የሌለውን ነገር ለገዢው ሰጠው ማለት ነው። «አራት ዜሮ» ተብሎ ይነበብ፤ የሁለቱም ቁጥሮች አካሄድ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይብራራ።

ረቂቁ ሕያው ትልንም፣ ከእንጨትና ከፕላስቲክ የተሠራውንም «ማታለያ» ይላቸዋል። መለየት ያስፈልጋል፤ ሰው ሠራሽ ብቻ የሚፈቀድባቸው ውኃዎች ስላሉ ልዩነቱ እስከ ሕግ ይደርሳል። የሚበላው «ማባበያ»፣ ሰው ሠራሹ «ማማለያ» ይባል። ኒክ ክሬም የተባሉት ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት የሠሩት የፕላስቲክ ትል፣ ስሙ ትል ቢሆንም በዚህ አከፋፈል ማማለያ ነው። ክሩን የሚያሰጥመውንም ዕቃ ረቂቁ «እርሳስ» ብሎታል፤ ዛሬ ግን ከተንግስተን የተሠራም ስለሚሸጥ፣ በቁሱ ሳይሆን በሥራው «ማስጠሚያ» ቢባል ዘመን አይሽረውም።

8. መዋስ የሚገባውና የማይገባው

በፖቶማክ ዳር የሚያጠምዱት ወገኖቻችን ሮድ፣ ሪል፣ ጂግ እያሉ ሲነጋገሩ ይግባባሉ፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይባል ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። እኔም ጂግ «ጂግ» ሆኖ ቢቀር፣ ሪልም ከማጠንጠኛ ጎን ቢነገር አልከራከርም። ዕቃ በዓይን ይታያል፣ በጣት ይጠቆማል፤ ስሙ ምንም ቢሆን ከፊታችን ነው። የዕቃው መመዘኛ ግን አይታይም፤ ግትርነት፣ አጎባበጥ፣ የመበጠሻ ልክ፣ የልጓም መላላት በቃል ብቻ የሚተላለፉ ናቸው። ስለዚህ የዕቃው ስም ቢዋስ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ የመመዘኛው ቃል ግን ገዢው በሚያስብበት ቋንቋ መሆን አለበት።

ከውሰቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ቃል በቃል የተተረጎመው ነው። «አክሽን» የሚለውን ያልሰማው ሰው አለማወቁን ያውቃልና ይጠይቃል። «ድርጊት» የሚለውን ያነበበ ግን ቃሉን ስለሚያውቀው የተረዳ ይመስለዋል፤ አይጠይቅም። የመጀመሪያው አንባቢ ከሻጩ ወይም ከልጁ ጋር መነጋገር ይጀምራል፤ ሁለተኛው ዝም ብሎ ከፍሎ ይወጣል።

ይህን በአንድ ምሳሌ ልዝጋ። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ለወፍራም ሽፋን መካከለኛ ከባድ ኃይልና ፈጣን ድርጊት ያለው ባለ 7 ጫማ በትር፣ ከ15 ፓውንድ ፈተና መስመር ጋር፣ ጎታቹ በሩብ ተቀምጦ ይመረጣል።» በተመከረው ቃል ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «የውኃ ሣርና የወደቀ ግንድ ለበዛበት ቦታ 2.13 ሜትር የሚረዝም፣ ወደ ግትር ያደላ፣ ከጫፍ የሚጎብጥ ዘንግ ይመረጣል። የክሩ የመበጠሻ ልክ 6.8 ኪሎ ግራም ይሁን፤ ልጓሙም የዚህ ሩብ ያህል፣ ማለት 1.7 ኪሎ ግራም ሲጎተት ክር እንዲለቅ ተደርጎ ይላላ።» ሁለተኛው ይረዝማል። ነገር ግን በሚዛን መለካት፣ በእጅ መፈተን ይቻላል፤ አባቱ ለልጁ ሊያስረዳው፣ ልጁም ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ከአባቱ ቃል ጋር ሊያስተያየው ይችላል።

ለውይይት የቀረቡት ቃላት በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው።

ሮድ — የማጥመጃ ዘንግ
ፓወር — ግትርነት
አክሽን — አጎባበጥ
ጋይድ — የዘንግ ቀለበት
ሪል — ማጠንጠኛ
ስፑል — ቀሰም
ስፒኒንግ ሪል — ባለ ቋሚ ቀሰም ማጠንጠኛ
ቤይትካስቲንግ ሪል — ባለ ዟሪ ቀሰም ማጠንጠኛ
ድራግ — ልጓም
ብሬክ — ፍሬን
ላይን — ክር
ብሬይድ — ጉንጉን ክር
ቴስት — የመበጠሻ ልክ
ሊደር — ቅጥያ ክር
ሁክ — መንጠቆ
ቤይት — ማባበያ
ሉር — ማማለያ
ሲንከር — ማስጠሚያ

ተርጓሚው ረቂቁን እንደገና በመጻፍ ላይ ናቸው። ከእነዚህ ቃላት መካከል የማይስማማ ያገኘ አንባቢ፣ በተለይም በሐይቅ ዳር የሚነገር የተሻለ ቃል የሚያውቅ፣ ቢጽፍልን እናመሰግናለን። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚላከው ቃል ከላይ በዝርዝሩ ካሉት ጎረቤቶቹ ጋር አስቀድሞ ተስተያይቶ ይላክልን።